የታደሰ ሐሙስ

ዛሬ ሐሙስ ነው። ከቆርቆሮ አጥራችን ማዶ ነርሷ ሲስተር ሕይወትና ጎረቤቴ ታደሰ ይስቃሉ። ምን እንደሚያስቃቸው አልሰማሁም። እኔ በረንዳ ላይ ወረቀቴን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጆሮዬን አቁሜያለሁ፤ እውነቱን ልናገርና፣ ቀንቻለሁ። ሰባ አንድ ዓመት የሞላኝ፣ የልጅ ልጅ ያየሁ ሽማግሌ በሰው ሳቅ እቀናለሁ። ታምሜ በነበረ ጊዜማ ከዚህም የባስኩ ነበርኩ። ሕመሙ እግሬን ሲይዘኝ ቅናቱ ዓይኔን ያዘኝ፤ ከሁለቱ የበለጠ ያንገላታኝ የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ላሉ አሮጌ ወታደሮች፣ ይልቁንም አሮጌ ወታደር ለሚያስታምሙ ሚስቶች ነው። ከጥቂት ወራት በፊት እስክሪብቶ ከጣቴ እየሾለከ ይወድቅብኝ ነበር። አሁን ፊደሌ ቢንጋደድም ይነበባል።

ሃምሳ አለቃ ዘሪሁን እባላለሁ። ወጣትነቴን በምሥራቅና በሰሜን ምሽግ ውስጥ ጨርሼ፣ ከሠራዊቱ ከወጣሁ በኋላ ጡረታ እስክወጣ በጥበቃ ሥራ ኖርኩ። ከባለቤቴ ከአስካለ ጋር የምንኖረው የካ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ታክሲ የሚቆመው ታች ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው በእግር ነው። ልጆቻችን ሥራ ይዘው ክፍለ ሀገር ናቸው፤ ይደውላሉ። አጥር ለአጥር የምንጎራበተው አስር አለቃ ታደሰ በአንድ ሻለቃ ጦር ውስጥ አብሮኝ የነበረ ሰው ነው። አብሮኝ ስል ግን ልብ በሉልኝ፤ እኔ ከፊት ስሆን እሱ ከኋላ ድስት ያማስል ነበር። እስከ ዛሬ ሰፈሩ «ታደሰ ወጥ ቤት» ነው የሚለው። ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መታውና ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ሚስቱ ሞታለች። አብራው የምትኖረው የእህቱ ልጅ ሱቅ ተቀጥራ ጠዋት ወጥታ ሲመሽ ነው የምትገባው።

የኔ ነገር የጀመረው በእግሬ ጣት ነው። ካልሲ ሳላደርግ ካልሲ ያደረግሁ ይመስለኝ ጀመር። አንድ ቀን ከጓሮ ስመለስ አስካለ እግሬን አይታ «አንዱ ጫማህ የት ሄደ?» አለችኝ። ነጠላ ጫማዬ መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቷል፤ እኔ አላወቅሁም። ቀጥሎ ምላሴ በርበሬ አልችል አለ። የምግብ ፍላጎቴ ጠፋ፣ ትንሽ ስሄድ ይደክመኛል፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ፈተና ሆነብኝ። ከሁሉም የባሰው ፊት መታጠቡ ነበር። ሳሙና ቀብቼ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር መሬቱ ከሥሬ ይከዳኛል። ሁለት ጊዜ ሳፋው ላይ ወደቅሁ። በሦስተኛው ግንባሬ ተፈነከተ። ለአስካለ አዳለጠኝ አልኳት።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ደም ወስዶ «ታይፎይድና ታይፈስ ተቀላቅሎብዎታል» አለኝ። በአገራችን ታይፎይድና ታይፈስ ያልተቀላቀለበት ሰው ያለ አይመስለኝም። ኪኒኑን ውጬ ጨረስኩ፤ እግሬ ያው። ሌላው ክሊኒክ ሪህ ነው ብሎ ሥጋ ከለከለኝ። ቀድሞም በጾሙ ብዛት፣ በኑሮው ውድነት የማላገኘውን ሥጋ ማለት ነው። ይህ ክልከላ በሽታዬን ይበልጥ እንደቀለበው ያወቅሁት በኋላ ነው። ሌላ ቦታ ስኳሬን ለክተው ደህና ነው አሉ። አንዱ ወጣት ሐኪም ደግሞ ካርዴን አገላብጦ «አባባ፣ እድሜ ነው» ብሎ ሸኘኝ። እድሜ መሆኑን ለማወቅ ግማሽ ቀን ወረፋ መጠበቅ አያስፈልገኝም ነበር።

እኔ ግን የራሴ ምርመራ ነበረኝ። ዳሌዬ ውስጥ ከጦርነቱ የቀረች ፍንጣሪ ብረት አለች። እሷ ተንቀሳቅሳ ነርቬን ነክታው ነው ብዬ ደመደምኩ። እንዲያውም ደስ ሳይለኝ አልቀረም። ሰው ሲጠይቀኝ «የድሮ ቁስል ነው» እላለሁ፤ ጠያቂው ድምፁን ዝቅ ያደርግልኛል። ሕመሜ እንኳ ማዕረግ ያለው እንዲሆን ፈልጌ ነበር። ራጅ ስነሳ ሐኪሙ ፍንጣሪዋ ሥጋ ውስጥ ተቀብራ እንደተኛች፣ ከነርቭ ጋርም ምንም እንደማያገናኛት ነገረኝ። ከዚያ ክፍል የወጣሁት ማዕረጌን የተገፈፍኩ ያህል ከፍቶኝ ነው።

መዝጋቢዋ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት አቅም ላነሳቸው የቀድሞ ወታደሮች ቤታቸው ድረስ ነርስ ሊልክ ነው፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ይመዘግባሉ ተባለ። አስካለ ወሬውን ስትሰማ እጇን ዘርግታ ፈጣሪን አመሰገነች። እኔስ ምን አደረግሁ? ጺሜን ተላጨሁ። ሱፌን ለበስኩ። ሜዳይዬን ደረቴ ላይ ሰካሁ። ልጅቷ ስትገባ ክርኔን ከግድግዳው አስደግፌ፣ ቀጥ ብዬ ቆሜ ተቀበልኳት።

«አባባ ይቀመጡ፤ ጥያቄ ብቻ ነው» አለችኝ።

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«እሺ። ሲራመዱ ሰው ይደግፍዎታል?»

«የለም።»

«ገላዎን ማን ያጥብዎታል?»

«ራሴ።»

«ወድቀው ያውቃሉ?»

«ወታደር አይወድቅም» አልኳት፤ የግንባሬ ፕላስተር እንኳ ሳይነሳ።

አስካለ ከጓዳ ስታስል ሰማኋት። አውቄ አልዞርኩም።

ይህ ለሌላው ሰው እብደት ሊመስለው ይችላል፤ ወታደር የነበረ ግን ይገባዋል። እኔ ለዓመታት በየማለዳው ለሻምበላችን ሪፖርት አቅርቤያለሁ። ግማሹ ሰው በወባ እየተንቀጠቀጠ እንኳ ተረከዜን አጋጭቼ «ታማሚ የለም!» እል ነበር። ታማሚ አለ ማለት የኔ ሰዎች ደከሙ ማለት ነው፣ የኔ ሰዎች ደከሙ ማለት እኔ ደከምኩ ማለት ነው። ያ ልማድ ከደንብ ልብሱ ጋር አልወለቀም። ልጅቷ ስልኳን ነካ ነካ አድርጋ «ራሳቸውን የሚችሉ» ብላ መዘገበችኝና ወደ ታደሰ ቤት ተሻገረች።

በአጥሩ በኩል ድምፁ ይሰማኛል። «ልጄ፣ ሰው ካልወሰደኝ ሽንት ቤት እንኳ አልሄድም። ትናንት አልጋዬ ላይ አመለጠኝ» ሲላት ሰማሁት። እኔ አፈርኩለት። ድሮስ ወጥ ቤት ምን ወታደር ነው ብዬ ለአስካለ ነገርኳት። አስካለ ሱፌን ተቀብላ ሰቀለችው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሲስተር ሕይወት ሰኞና ሐሙስ ወደ ታደሰ መምጣት ጀመረች። አንጀቴ እርር ድብን ማለት የጀመረውም ያኔ ነው። ገላውን ታጥበዋለች። አልጋው ላይ ታገላብጠዋለች። የደነዘዘ እጁን እያፍታታች ታሠራዋለች። ከአልጋው እስከ በሩ የእጅ መደገፊያ ብረት አስገጠመችለት። ተሽከርካሪ ወንበር መጣለት። ወንበሩ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲሞቅ በቆርቆሮው ቀዳዳ አየዋለሁ። ቀዳዳውን የበሳሁት እኔ አይደለሁም፤ ያሰፋሁት ግን እኔ ነኝ።

«እኔ ደሜን አፍስሼ፣ እሱ ሽንኩርት ከትፎ» እላለሁ ለአስካለ። «ይኸው ነርስ ለሱ፣ ወንበር ለሱ።»

«አንተ መች ጠየቅክ?» ትለኛለች። «ወታደር አይወድቅም ያልከው አንተ አይደለህም?»

እንዲህ ስትለኝ እቆጣለሁ። ቁጣዬ ግን እሷን እኔን ከማንሳት አላዳናትም። በዚያን ጊዜ ከአልጋ የምታነሳኝ፣ ጓሮ የምትወስደኝ፣ ሱሪዬን የምታስታጥቀኝ እሷ ናት። እሷም ስድሳ አምስት አልፏታል። ሲመሽባት ወገቧን በሁለት እጇ ይዛ ግድግዳ ትደገፍ ነበር። ለቅሶ መድረስ እንኳ ተወች፤ በእድር ሴቶች ዘንድ ስሟ ተነሳ። እኔ ይህን ሁሉ አላየሁም። እኔ የማየው በቀዳዳው በኩል ነው። በዚያ ሰሞን ከዓለም ሁሉ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያቺ ነርስ የታደሰን በር አልፋ የኔን በር እንድታንኳኳ።

አስካለ በመጨረሻ ጠበል እንሂድ አለችኝና በኮንትራት መኪና እንጦጦ ማርያም ወጣን። ብርዱ አጥንት ይበሳል። ጸሎት ሲደርስ እንደ ሰዉ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ወዲያው ወዛወዘኝና ተዘረርኩ። በዙሪያዬ የነበሩት «መንፈስ ነው፣ ሊለፈልፍ ነው» ብለው ከበቡኝ። የምለፈልፈው ነገር አልነበረኝም። አንዲት የማላውቃት ሴት ጋቢዋን አውልቃ አለበሰችኝና ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ ያዘችኝ። አዛውንቱ ቄስ ደግሞ ሰዉን ገለል አድርገው «አባቴ፣ ጠበሉንም ይጠጡ፣ ሐኪሙንም አይተዉ» አሉኝ። ተመልሰን ቤታችን በር ላይ ስንደርስ አስካለ ቆም አለችና «ሳፋው ላይም ስትወድቅ ዓይንህን ጨፍነህ ነው፤ ዛሬም ጨፍነህ ነው» አለችኝ። ያን ሁሉ ሐኪም ያመለጠውን ነገር ያየችው እሷ ናት።

ይህንኑ በአጥሩ በኩል ለታደሰ ነግራው ኖሯል። በሚቀጥለው ሰኞ በራችን ተንኳኳ። ሲስተር ሕይወት ነበረች።

«ሃምሳ አለቃ፣ ጎረቤትዎ ልከውኝ ነው» አለች።

«ምን ፈለገ?»

«ምላስዎን እንዳይ።»

ደስታዬና ቁጣዬ አንድ ላይ መጡብኝ። መምጣቷን ስመኝ ከርሜ፣ የመጣችው በታደሰ ትእዛዝ ነው። ቢሆንም ምላሴን አወጣሁ። ቀልቶ ልሙጥ ሆኗል አለች። ቀጥላ ከቦርሳዋ ሹካ የመሰለ ባለ ሁለት ጣት ብረት አወጣችና መዳፏ ላይ መታ አድርጋ የእግሬ አውራ ጣት ላይ አኖረችው።

«ሲመታ ይነዝራል። ንዝረቱ ይሰማዎታል?»

«አዎ» አልኳት። ምንም አልተሰማኝም።

ቁርጭምጭሚቴ ላይ አኖረችው። «አሁንስ?»

«አዎ።»

«ሃምሳ አለቃ፣ አሁን እኮ የብረቱን ንዝረት በእጄ አቁሜዋለሁ።»

አስካለ መሬት መሬት ታያለች። ይሄኔ ከአጥሩ ማዶ የታደሰ ድምፅ መጣ። ስትሮኩ አፉንም ትንሽ ስለያዘው ቃላቱን እየጎተተ ነው የሚናገረው። «ሲስተር፣ የሃምሳ አለቃን ሪፖርት አትመኚ። ድስቱን ነው ማየት። እሳቸው ‹ታማሚ የለም› ባሉ ቀን ድስቴ ግማሹ ሳይበላ ይመለስ ነበር። ያልበላው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። አሁንም ወይዘሮ አስካለ ምን ያህል ትርፍ ለውሻቸው እንደሚደፉ አያለሁ።»

ለካ ቀዳዳው በሁለቱም በኩል ያሳያል።

ሲስተር ሕይወት ለሐኪም ወረቀት ጻፈችልኝ። ልትረዳኝ እንደምትፈልግ፣ ነገር ግን «ራሳቸውን የሚችሉ» ተብዬ ስለተመዘገብኩ የሚቀጥለው ምዝገባ እስኪደርስ በሷ ዝርዝር ውስጥ እንደማልገባ ነገረችኝ። የሚደረስላቸው ቤቶች ቁጥር የተወሰነ ነው፤ ዝርዝሩን የምታወጣው እሷ አይደለችም።

ሪፈር የተጻፈልን ሆስፒታል ሦስት ቀን ተመላለስን። ወረፋ መጠበቂያው ረጅም ኮሪደር ነው፤ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቂጥ ለቂጥ ተደጋግፈን እንቀመጣለን። እዚያም ቅናቴ አልተወኝም። ቁጥሩ በተጠራ ሁሉ እቀናለሁ። ልጁ ደግፎት በመጣ ሰው፣ ስሙን ነርሷ በምታውቀው ሰው፣ በሽታው ምን እንደሆነ በተነገረው ሰው ሳይቀር ቀናሁ። አንዱ «ካንሰር አይደለም፣ ቲቢ ነው አሉኝ» ብሎ ደስ ብሎት ሲወጣ በቲቢው ቀናሁበት። የኔ ሕመም ስም አልነበረውማ። አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት እናት ብርቱካን ልጣ ለልጇ ስትሰጥ ለእኔም ከፍላ እጄ ላይ አኖረችልኝ። ጣቴ ስለማይዘው አንድ በአንድ አጎረሰችኝ። እንዲህ ያለ ነገር አይረሳም።

በሦስተኛው ቀን ያየችን ሐኪም ሌሎቹ ያልጠየቁትን አንድ ነገር ጠየቀች። «በየቀኑ የሚወስዱት ኪኒን አለ?»

«የጨጓራ ብቻ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

አስካለ መለሰች፤ «የመጨረሻው ልጃችን ሲመረቅ ጀምሮ ነው። አሁን ልጁ ራሱ ልጅ አለው።»

ሐኪሟ የደም ምርመራ አዘዘች። ውጤቱ ሲመጣ ቀስ ብላ አስረዳችን። ቢ ትዌልቭ የሚባል ቫይታሚን አለ፤ ነርቭ ያለሱ እንደ ተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ ይሆናል። የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። እኔ እነዚህን በጾም ምክንያት የዓመቱን ብዙ ቀን አልቀምስም፤ የፍስኩንም ሪህ ነው ብለው ከለከሉኝ። ያገኘሁትን ጥቂትም የጨጓራ ኪኒኑ ለዓመታት ሲወሰድ እንዳይዋሃደኝ ያደርጋል። እግር የቆመበትን ለአእምሮ የሚናገረው ነርቭ ስለተጎዳ እኔ የምቆመው በዓይኔ ነበር። ዓይኔን ስጨፍን የምወድቀው ለዚህ ነው። መርፌ እንደምወስድና ብዙው ሊመለስ እንደሚችል ነገረችን። «ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ግን ላይመለስ ይችል ነበር» አለች። ይህን ስትል አስካለ ክንዴን ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ።

የመጀመሪያዎቹን መርፌዎች በየቀኑ ጤና ጣቢያ ሄጄ ተወጋሁ። ያን ዳገት አስካለ አንዴ ከፊቴ አንዴ ከኋላዬ እየሆነች ታወርደኛለች፣ ታወጣኛለች። መርፌው በሳምንት አንድ ጊዜ ሲሆን ሲስተር ሕይወት መጣችና «ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ እኔ እመጣለሁ» አለችን። እንዴት ሆነ ብዬ አልጠየቅሁም። ወግ ደረሰኝ ነው ያልኩት።

ሐሙስ በመጣች ቁጥር መርፌዬን ወግታኝ፣ ከበረንዳው እስከ ቧንቧው በወጠረችው ገመድ መሃል ታራምደኛለች። አስካለንም ወገቧን ሳትጎዳ እንዴት እንደምታነሳኝ አስተማረቻት። እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ እስቃለሁ፤ አጥሩን አልፎ እንዲሰማ። አንድ ቀን እንዲያውም «ታደሰ! ዛሬ ሐሙስ ነው፣ የኔ ቀን!» ብዬ ጮህኩበት።

«እንኳን ደስ ያለዎት፣ ሃምሳ አለቃ» አለኝ።

ወደ ሦስተኛው ወር ገደማ አንድ ማለዳ ባዶ እግሬን በረንዳው ላይ ስቆም የሲሚንቶው ቅዝቃዜ ተሰማኝ። ቅዝቃዜ ብቻ ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አስካለ ወደቀ ብላ ሮጣ መጣች።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ አንድ ዓርብ ቀን፣ ከዘራዬን ይዤ ያለ ደጋፊ ከበራችን ወጣሁ። የሄድኩት ታደሰ ዘንድ ነው። ልጠይቀው ሄድኩ ብል ደስ ባለኝ፤ የሄድኩት ግን ልታይ ነው። እሱ ተኝቶ እኔ ቆሜ እንዲያየኝ ፈልጌ ነው።

በሩ ገርበብ ብሏል። ስገባ ሽታው ተቀበለኝ። ታደሰ በጀርባው ተኝቷል፤ ብርድ ልብሱ እርጥብ ነው። ተሽከርካሪ ወንበሩ ጥግ ላይ አቧራ ይዟል።

«ሃምሳ አለቃ፣ በእግርዎ መጡ?» አለኝ፤ ፊቱ በራ። የሚሠራው ግማሽ ፊቱ ሳቀ።

«ትናንት ሲስተር አላገላበጠችህም እንዴ?»

«ሐሙስማ ወደ እርስዎ ናት።»

«አንተ ጋስ መቼ ትመጣለች?»

«ሰኞ።»

«ሌላውስ ቀን?»

ዓይኑን ወደ ጣሪያው መለሰ። ያኔ ገባኝ። ለካ ለኔ የመጣው ሐሙስ የሱው ነበር። እኔ ቀኑ ተጨምሮልኝ ነው ብዬ ስፎክር፣ ሰውየው ካለው ሁለት ቀን አንዱን ሰጥቶኛል። ቀናተኛ ሰው ሌላው ያለውን ይቆጥራል እንጂ ያጣውን አይቆጥርም። ሦስት ወር ሙሉ በሐሙስ የሱ በር ሳይንኳኳ ሲቀር አንድ ቀን እንኳ ልብ አላልኩም።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርዎት እምቢ ይሉኛል።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ወጥ ሲያንስ እኮ ጭልፋው ያንሳል እንጂ ሰው አይዘለልም። እንዲያ ነው የኖርኩት።»

አስካለን ጠራሁና በጎኑ አዞርነው። ታች ወገቡ ላይ መዳፍ የሚያህል ቁስል ወጥቷል። ብዙ በመተኛት የሚመጣ ቁስል ነው፤ ወደ ውስጥ ከገባ ሰው ይገድላል። እኔ ብዙ ቁስል አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያፈርኩበት ግን የለም። ውኃ አሞቅን። የደነዘዘ ጣቴን አላምነውምና አስካለ የውኃውን ሙቀት ነካች፣ እኔ አጠብኩት።

ሰኞ ሲስተር ሕይወት ቁስሉን ስታይ ተናደደች። ታደሰ «ሐሙስ የእህቴ ልጅ ሥራ አትገባም፣ እሷ ታገላብጠኛለች» ብሏት ነበር። «አንዱ ታምሞ ደህና ነኝ ይላል፣ አንዱ ሰው ሳይኖረው ሰው አለኝ ይላል» አለችን። «እናንተ ወታደሮች እኮ ልትገድሉኝ ነው።» እኔም ሐሙስ ዛሬውኑ ይመለስለት አልኩ። ታደሰ ግን ግግም አለ። ሃምሳ አለቃ በራሳቸው ስም ካልተመዘገቡ ሐሙሴን አልቀበልም፣ የጀመሩት ሕክምና ከሚቋረጥ የኔ ቁስል በአስካለ እጅ ይድናል አለ። ምዝገባው የቀረው ሁለት ሳምንት ነበር። እስከዚያ በየቀኑ እየተሻገርን አገላበጥነው። አስካለ ማታ ማታ ወገቧን ይዛ ግድግዳ ስትደገፍ ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሰሞን ነው።

እዚህ ላይ የምመክረውን ልምከርና ልጨርስ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እሰማ ነበር፤ ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር። እግራችሁ ከደነዘዘ፣ ዓይናችሁን ስትጨፍኑ ከተንገዳገዳችሁ፣ ለዓመታት የምትውጡትን ኪኒን ሁሉ ለሐኪም ተናገሩ። ጾሙንም ተናገሩ፤ መናገር ጾም መሻር አይደለም። አሮጌ ወታደር ልትመዘግቡ፣ ቤቱ ድረስ ነርስ ልትልኩ የምትመጡ ልጆች ደግሞ፣ እባካችሁ ሰውየውን ብቻ አትጠይቁ። ሱፍ ለብሶ ቆሞ ከጠበቃችሁ ይበልጥ ጠርጥሩት። ሚስቱን ጠይቁ። ጎረቤቱን ጠይቁ። ድስቱን እዩ።

የምዝገባው ቀን ያችው ልጅ መጣች። ሱፌን አልለበስኩም። ሜዳይዬም ሳጥን ውስጥ ነው። በረንዳው ላይ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋት። አስካለ አጠገቤ ቆማለች።

«ኧረ አባባ፣ በጣም ተሽሎዎታል» አለችኝ ደስ ብሏት። «አሁን ያለ ችግር ቆመው ይራመዳሉ ማለት ነው?»

እግዜር ያሳያችሁ፣ ደረቴ ተነፋ። እጄ የወንበሩን መደገፊያ ያዘ። አፌ «አዎ» ለማለት ተከፈተ፣ ቂጤ ከወንበሩ ተነሳ።

«ቁጭ በል!»

ድምፁ ከአጥሩ ማዶ ነው። ታደሰ በሕይወቱ አንድም ቀን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ወጥ ቤት ሃምሳ አለቃን ሲያዝ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ግን ትእዛዝ አውቃለሁ። ቁጭ አልኩ።

«ቀን በከዘራ እሄዳለሁ» አልኳት ልጅቷን። «ሲጨልም አልችልም። ዓይኔን ጨፍኜ ፊቴን መታጠብ አልችልም። የውኃ ሙቀት አይታወቀኝም። ስድስት ጊዜ ወድቄያለሁ።»

ልጅቷ ስልኳ ላይ መጻፍ ጀመረች። «ማን ነው የሚረዳዎት?»

«ባለቤቴ።»

«እሳቸውንስ ማን ይረዳቸዋል?»

ቀና ብዬ አስካለን አየኋት። በአንድ እጇ ወገቧን ይዛለች። ሳያት ፈጥና ለቀቀችው፣ ቀጥ ብላም ቆመች። እሷም ከኔ ተምራለች።

«ማንም» አልኩ።

«እንግዲህ እዚህ ቤት ታማሚ አለ ብዬ ልጻፍ፣ አባባ?»

ከአጥሩ ማዶ ኮሽ የሚል ነገር የለም። ታደሰ ትንፋሹን ይዞ ሪፖርቴን ይጠብቃል።

«ታማሚ አለ» አልኳት። «እዚህ ሁለት። ማዶ ያለውን ጨምረሽ፣ ሦስት።»